በእግራቸው የሄዱት ፌዛንቶች

ክሌም ጋርበት በሕይወቱ የተሳካለት ሥራ ቢኖር የአውቶቡስ ሹፌርነት ነው፤ እሱንም ቢሆን "መንገዱን የሚያውቀው አውቶቡሱ ነበር፤ እኔ መሪውን ይዤ አብሬው እሄድ ነበር" ይላል። ጆሮዎቹ ከፊት ለፊት ሲታዩ ሁለት በሩን ከፍቶ የረሳ መኪና ያስመስሉታል። የብራምዴል መንደር ሰው ግን ስሙን የሚያነሳው በአውቶቡሱም በጆሮውም አይደለም፤ በፉጨቱ ነው። ክሌም መሪ በጨበጠባቸው ዓመታት ሁሉ አንዲት ቀን እንኳ አፏጭቶ አያውቅም። ቢሆንም ተሳፋሪው ሲሳፈር "ክሌም፣ አደራህን እንዳታፏጭ! ዶሮዎቼን ቤት ትቼ ነው የመጣሁት" ሳይለው አያልፍም።

የአደን ወቅት በገባ ቁጥር፣ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ፣ ከጫካ የተመለሱት የአደን ወፍ አባራሪዎች መጠጥ ቤቱ ውስጥ ምድጃውን ከበው ይኮለኮላሉ። ከካፖርታቸው እንፋሎት፣ ከውሾቻቸው ደግሞ ሌላ ነገር ይወጣል። ታሪኩን ያልሰማ አዲስ ሰው ከተገኘ ሆን ብለው ክሌም አጠገብ ያስቀምጡትና አንዱ "ክሌም፣ ስንት ነበሩ?" ይላል። ክሌም ወጣት ሳለ "መቶ ይሆናሉ" ይል ነበር። ጸጉሩ ሲሸብት አምስት መቶ ገቡ። ሰባውን ካለፈ ወዲህ ደግሞ የዮርክሽር ፌዛንት ወፍ በሙሉ፣ ከአጎራባች አውራጃ በእንግድነት የመጡትን ጨምሮ፣ እዚያ ነበሩ። ከፊት ለፊቱ የምትቀመጠው ታላቅ እህቱ ሂልዳ ብርጭቆዋን ከአፏ ሳታነሳ "ውሸታም" ትለዋለች። ታሪኩ የሚከፈተው በዚች ቡራኬ ነው።

ያኔ ክሌም ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ አሥር ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ ከረሜላ ያለ ራሽን መሸጥ ጀምሯል፤ የብራምዴል ልጅ ከዚህ በላይ የሚመኘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከአባራሪዎች ሰልፍ መግባት። በአደን ቀን ስምንት ባለጠመንጃ ጌቶች ከጫካው በታች መስኩ ላይ ቆመው ወደ ሰማይ ያንጋጥጣሉ። አባራሪዎቹ በላይኛው ጫፍ ተሰልፈው ግንዱን በዱላ እየቀጠቀጡ፣ ከማዳበሪያ ከረጢት የተቆረጠ ባንዲራ እያውለበለቡ፣ እየጮሁ ይወርዳሉ፤ ፌዛንቶቹም ደንግጠው በጌቶቹ ራስ ላይ ይበራሉ። ፌዛንት ማለት የቆቅ ሀብታም ዘመድ ነው። ወንዱ እንደ ሙሽራ ይለብሳል፤ ጅራቱ ከራሱ ይረዝማል፤ ክንፍ ተሰጥቶት ሳለ በእግሩ መሄድ ይመርጣል። አባራሪ ያስፈለገውም ለዚህ ስንፍናው ነው።

ሂልዳ በአሥራ አንድ ዓመቷ ባንዲራ ይዛለች። ጩኸቷ እንኳን ወፍ፣ የደብሩን ቄስ ከምሳ እንቅልፋቸው ያስነሳል። በትራክተር በሚጎተተው ጋሪ ላይ ከወንዶቹ ጋር ተጋፍታ ትቀመጣለች፤ ቋሊማ ትበላለች፤ ማታ ቤት ስትገባ ሁለት ፌዛንት በአንገታቸው አንጠልጥላ ነው። ክሌም በሩ ላይ ቆሞ ጆሮውን ይዞ ያያታል።

"እኔስ መቼ ነው?" ይላታል።

"ጆሮህ ንፋስ የማይዝ ሲሆን። አሁንማ ኮረብታው ላይ ብናቆምህ በርረህ ኮሎኔሉ ማሳ ላይ ነው የምትወድቀው።"

ኮሎኔሉ የጎረቤት ርስት ባለቤት ናቸው። የብራምዴል ሰው ሰይጣንን በቀጥታ ላለመጥራት ሲፈልግ "ኮሎኔሉ" ይላል። የብራምዴል ወፍ አጥሩን ተከትላ ወደሳቸው መሬት ከተሻገረች የሳቸው ነች፤ ሕጉም ይኸው ነው። ወፎቹ እንዳይሻገሩ ቀን ከሌት የሚጨነቁት ደግሞ የጫካው ጠባቂ ሚስተር አክሪል ነበሩ። ሚስተር አክሪል ሲስቁ ያየ ሰው መንደሩ ውስጥ የለም። አየሁ የሚል አንድ ሽማግሌ ነበር፤ እሱም በኋላ ጥርሳቸውን አሟቸው እንደነበር ተረጋገጠ።

ጥርሱን ማንሳታችን ካልቀረ፣ የዚህ ታሪክ ጣጣ ሁሉ የመጣው ከጥርስ ነው። የሚስተር አክሪል ሚስት ጥቁር ከረሜላ ያፈሉ ነበር። ያ ከረሜላ በመዶሻ ነው የሚሰበረው፤ አንዴ አፍ ከገባ ከመንጋጋ ጋር ይዋዋላል። ሚስተር አክሪል በበጋው ሚስታቸውን ላለማስቀየም አንድ ቁራጭ ነክሰው ሁለት የፊት ጥርስ እዚያው ጥለው ተነሱ። ሐኪሙ ሰው ሠራሽ ጥርስ ገጠመላቸው። በአዲሱ ጥርስ ሥጋ ይበላል፣ ሰው ይሰደባል፤ ማፏጨት ግን አይቻልም። ከንፈራቸውን ሲያሾሉ የሚወጣው ከብስክሌት ጎማ የሚተነፍስ አየር ብቻ ሆነ።

ጠባቂ ካላፏጨ ጠባቂ አይደለም። ጠዋትና ማታ ጫካው ውስጥ ስንዴ እየበተነ ያፏጫል፤ ወፎቹ ፉጨቱን ከእህሉ ጋር አብረው ይለምዱታል። ሆዳቸው የት እንደሚሞላ የሚያውቁ ወፎች ደግሞ ወደ ኮሎኔሉ አይሰደዱም።

ሚስተር አክሪል አንድ ቀን ክሌምን በር ላይ አስጠሩት።

"አንተ ልጅ፣ ታፏጫለህ?"

"አዎ፣ ሚስተር አክሪል።"

"እስቲ።"

ክሌም አፏጨ። የሚስተር አክሪል ውሻ መጣ፤ የጎረቤት ውሻ መጣ፤ እናቱ በመስኮት ብቅ ብላ ማን ነው የሞተው ብላ ጠየቀች።

"ይበቃል" አሉ ሚስተር አክሪል ጆሯቸውን እያሹ። "እስከ ገና ድረስ ወፎቼን ጫካዬ ውስጥ አቆይልኝ። ካቆየህልኝ በገና ማግስት አደን ባንዲራ ይዘህ ከሰልፉ ትገባለህ።"

ክሌም ያን መኸር ሙሉ ኪሱን ስንዴ ሞልቶ፣ እያፏጨ ከረመ። ትምህርት ቤት ሲቀመጥ ከኪሱ ስንዴ ይረግፋል፤ ከንፈሩም ለሒሳብ መልስ እንኳ ሳይቀር ሾል ብሎ ቀረ። ወፎቹ ግን ፉጨቱን በሰሙ ቁጥር ከየቁጥቋጦው ስር ይሮጡ ነበር። ሁልጊዜ ቀድማ የምትደርሰው ጅራቷ ወደ ግራ የታጠፈ አንዲት ሴት ወፍ ነበረች። ሚስተር አክሪል "የሚተኮስ ነገር ስም አይወጣለትም" ብለው አስጠንቅቀውታል። ክሌምም ስም አላወጣላትም፤ አረማመዷ የፖስታ ቤቷን ሴትዮ ስለሚመስል ብቻ ሚስስ ፊፕስ ይላታል። በሱ ቤት ይሄ ስም ማውጣት አይባልም።

የገና ማግስት ደረሰ። ሳሩ ሁሉ ውርጭ ለብሶ ነጭ ሆኗል። ክሌም ከሁሉ ቀድሞ፣ የአባቱን ካፖርት ለብሶ፣ ከካፖርቱ ውስጥ ጆሮው ብቻ እየታየ ጋሪው ጋ ቆመ። ሚስተር አክሪል ባንዲራ ሲያድሉ እሱ ጋ ሲደርሱ እጃቸው ባዶ ሆነ።

"ፐርሲ ገናን ሲያከብር አድሮ ገና አልተነሳም" አሉት። "የጥግ ዘብ የለኝም። አንተ ትቆማለህ።"

የጥግ ዘብ ማለት አጥሩ ከጫካው ተነስቶ ወደ ኮሎኔሉ መሬት የሚወርድበት ጥግ ላይ ብቻውን ቆሞ፣ እንጨት በእንጨት እየመታ፣ ወፎቹ በእግራቸው ሾልከው እንዳይጠፉ የሚከለክል ሰው ነው። ባንዲራ የለውም። ጋሪ የለውም። የሚያየው ሰውም የለም።

"ባንዲራ ብለውኝ ነበር፣ ሚስተር አክሪል..."

"ብያለሁ። ከዚያ ጥግ አንዲት ወፍ ሳታመልጥ ከዋልክ፣ በመጨረሻው የማባረር ዙር ባንዲራ ይዘህ ከኔ ጎን ትሰለፋለህ። አንዲት ብታመልጥ ግን እንኳን ባንዲራ መሀረብም አልሰጥህም። ገባህ?"

"ገባኝ።"

"ክሌም!" አለች ሂልዳ ከጋሪው ላይ፣ ቋሊማ እያላመጠች። "ሲበርድህ በሌላኛው እግርህ ቁም፤ ሁለት ነው ያለህ!" ጋሪው ሙሉ ሳቀ። ትራክተሩም ተንፈቅፍቆ ሄደ።

ክሌም ጥጉ ላይ ቆሞ እንጨቱን መታ። ጣ፣ ጣ፣ ጣ። አፍንጫው መጀመሪያ ቀዘቀዘ፣ ቀጥሎ ቀላ፣ በመጨረሻ የሱ አልመስል አለው። እሱ ራሱ ሲያወራው፣ "የእግሬ ጣቶች አንድ በአንድ እየተሰናበቱኝ ነበር" ይላል። ዓይኑን ግን ከአጥሩ ስር አልነቀለም። ባንዲራዋ ከዚያ ስር በምትሾልክ በማንኛዋም ወፍ እጅ ናት።

ሾልካ የመጣችውም ሚስስ ፊፕስ ነበረች።

እንደ ሌባ ተሸማቃ አይደለም የመጣችው። አጥሩን ይዛ፣ ጭራዋን ወደ ግራ አጥፋ፣ ደብዳቤ እንደምታደርስ ሴት ቀጥ ብላ መጣች። ክሌም እንጨቱን መታ፤ ቆማ አዳመጠችና ዜማው አልጣማትም መሰል ቀጠለች። እጁን አወናጨፈ፤ ስንዴ የበተነላት መስሏት መሬቱን ቃኘች፤ ምንም ስታጣ በትዝብት አይታው አለፈች። አለፈች! ወደ ኮሎኔሉ! ክሌም ባንዲራው በአጥሩ ስር፣ በሁለት ቀጫጭን እግሮች ላይ ሆኖ ሲርቅ ታየው። ሮጦ እንዳይዛት ጥጉን መልቀቅ ክልክል ነው። እንዳይጮህ የጥግ ዘብ አይጮህም።

ስለዚህ ያደረገው ነገር መኸሩን ሙሉ ያደረገውን ነው። ከንፈሩን አሾለና አፏጨ።

ሚስስ ፊፕስ ዞራ እየሮጠች ተመለሰች። ክሌም በደስታ ሊፈነዳ ደረሰ። "ያን ጊዜ ከኔ የበለጠ ብልህ ልጅ ዮርክሽር ውስጥ የለም ብዬ ነበር" ይላል፤ ቢራውን ይጎነጫል፤ "ይህን ያልኩት ለአንድ ደቂቃ ያህል ነው።"

ከዚያ ከጫካው ውስጥ አንድ ድምፅ ሰማ። ደረቅ ቅጠል ላይ ዝናብ የመጣ ይመስላል፤ ሰማዩ ግን ጥርት ያለ ነው። ድምፁ ቀረበ። ከአንዱ ቁጥቋጦ ስር አንድ ወንድ ፌዛንት አንገቱን አሹሎ ወጣ። ከኋላው ሦስት። ከነሱ ኋላ ጫካው። ሚስተር አክሪል ዓመቱን ሙሉ ያሳደጉት ወፍ በሙሉ፣ ቁርስ ዛሬ ዘገየ ብሎ ያማረረው ሁሉ፣ እየተጋፋ፣ አንዱ የሌላውን ጭራ እየረገጠ ክሌም እግር ስር ደረሰ።

"ሂዱ!" አለ ክሌም በሹክሹክታ። "ተመለሱ! ዛሬ አይደለም!"

የበለጠ ተጠጉት።

በዚሁ ጊዜ ከላይ ጥሩምባ ተነፋ፤ አባራሪዎቹ መውረድ ጀመሩ። ዱላው ተንጫጫ፣ ባንዲራው ተውለበለበ፣ ሂልዳ ጮኸች። አንዲት ጥቁር ወፍ በረረች። እንቅልፏን ያልጨረሰች አንዲት ጉጉት ወጥታ ሁሉንም ገላምጣ ተመለሰች። ከዚያ ሌላ ከዚያ ጫካ የተነሳ ነገር ቢኖር የሚስተር አክሪል የደም ግፊት ነው። ታች ያሉት ስምንት ጌቶች ባዶ ሰማይ ላይ አንጋጠው አንገታቸው ደረቀ።

የሰልፉ ጫፍ ጥጉ ጋ ሲደርስ ቀድማ ያየችው ሂልዳ ነበረች። አፏን ከፈተች፤ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ምንም ድምፅ አልወጣም። ሚስተር አክሪል ደረሱ። ክሌም እስከ ጉልበቱ ፌዛንት ውስጥ ቆሟል። አንዱ ወፍ ጫማው ላይ ተቀምጧል።

ጌቶቹ እንዳይሰሙ መጮህ አይቻልም። ሚስተር አክሪል ደግሞ ሲናደዱ ጥርሳቸው ስለሚላቀቅ፣ በአውራ ጣታቸው ደግፈው ነበር የሚቆጡት።

"አፏጨህ?"

"አንዲት ወፍ ልታመልጥ ነበር፣ ሚስተር አክሪል። መለስኳት!"

"መለስካት።"

"አዎ።"

"እነዚህስ?"

ክሌም ወደ ታች አየ። "እነዚህ... አብረዋት መጡ።"

"ዘመዶቿ ናቸው" አለች ሂልዳ፤ ድምፅዋ ተመልሶላት። አባራሪዎቹ ባንዲራቸውን አፋቸው ውስጥ ወተፉ።

ሚስተር አክሪል ወደ ኮሎኔሉ አጥር አዩ፤ ወደ ወፎቹ አዩ። እዚህ ቢያስነሷቸው የሚያርፉት ኮሎኔሉ ማሳ ላይ ነው። ጫካው ውስጥ መልሰው ቢያስገቧቸው ደግሞ ዙሩ አልፏል። የመጨረሻው ዙር የሚካሄደው ከመስኩ ማዶ ባለው የሸለቆ ጫካ ነው። ወደዚያ የሚወስደው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በስምንቱ ጌቶች ፊት ያልፋል።

"ስንዴ ይዘሃል?"

"ሁለቱም ኪሴ ሙሉ ነው።"

"እያፏጨህ ሸለቆው ድረስ ውሰዳቸው። እንዳትሮጥ። እንዳታስነጥስ። ከወደቅህም እዚያው ቅር።"

እናም ክሌም ጋርበት ውርጭ በለበሰው መስክ ላይ እያፏጨ ወጣ። ሚስስ ፊፕስ ከኋላው፣ ከሚስስ ፊፕስ ኋላ ደግሞ ሌላው ሁሉ፤ ጥምቀተ ባሕር የሚወርድ ሕዝብ እንኳ እንዲህ ያለ ሥርዓት የለውም። በጌቶቹ ዘንድ እግሩ መሬት የነካ ወፍ ጸሎት ላይ ካለ ሰው እኩል ነው፤ አይተኮስበትም። በቆመ ወፍ ላይ የተኮሰ ሰው ከዚያ ወዲያ ለምሳ አይጠራም፤ ሴት ልጅም አይዳርለትም። ከለንደን የመጣ፣ ቦት ጫማው ሲራመድ የሚጮህ አንድ ወጣት እንግዳ ግን ይህን ያህል ሥጋ በፊቱ ሲያልፍ ማየት አላስቻለውምና ጠመንጃውን አነሳ። የብራምዴል ርስት ጌታ ሰር አምብሮዝ በከዘራቸው አፈሙዙን ወደ መሬት ደፈቁት።

"ወዳጄ! በእግራቸው እኮ ናቸው!"

"ግን ብዙ ናቸው፣ ሰር አምብሮዝ።"

"ቢበዙም በእግራቸው ናቸው።"

ልክ እዚህ ላይ የክሌም አፍ ደረቀ። ከንፈሩ በብርድ እንጨት ሆነ፤ የሚወጣው ድምፅ ቀጠነ፣ ቀጠነና የሚስተር አክሪል የጎማ ትንፋሽ ሆኖ ቁጭ አለ። ወፎቹ ቆሙ። አንዳንዱ ክንፉን ፈታ ፈታ ማድረግ ጀመረ። የለንደኑ ሰው ጫማ ጮኸ። ክሌም ባንዲራውን አሰበ፣ እዚያ ላይ ሊያለቅስ ነበር፤ ግን ለማልቀስም አፍ ያስፈልጋል። ጎንበስ ብሎ ከሳሩ ላይ እፍኝ ውርጭ አንስቶ አፉ ውስጥ ከተተ፣ አኘከው፣ ዋጠው፣ አፏጨ። ወጣ! ሚስስ ፊፕስ አንድ እርምጃ ተራመደች። ሕዝቡም ተከተለ። ከጌቶቹ አንዱ፣ ምን ማድረግ እንደሚገባ ግራ ቢገባው፣ ቀብር እንደሚያልፍበት ሰው ባርኔጣውን አወለቀ።

ሚስተር አክሪል ባርኔጣቸውን ይዘው ሰር አምብሮዝ ፊት ቆሙ።

"አክሪል፣ ምንድን ነው ይሄ?"

"እያዛወርናቸው ነው፣ ጌታዬ።"

"ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምታዛውሯቸው?"

"ለገና ብቻ፣ ጌታዬ።"

ከምሳ በኋላ አባራሪዎቹ ከሸለቆው ጫካ በላይ ተሰለፉ። ክሌም ከሁሉም ኋላ መሬት መሬቱን እያየ ቆመ፤ ተስፋ አልነበረውም። ሚስተር አክሪል መጥተው ነጭ ባንዲራ ዘረጉለት።

"ከጥጉ አንዲት ወፍ አላመለጠችም" አሉ። "ያልኩትን ብያለሁ። ነገር ግን አፍህን ክፈት።"

ክሌም ከፈተ። የጡብ ግማሽ የሚያህል የሚስስ አክሪል ጥቁር ከረሜላ ተወተፈበት። "እስኪ አሁን አፏጭ" አሉት ሚስተር አክሪል። ሂልዳ ምላ ነው የምትናገረው፣ ያን ጊዜ ከንፈራቸው ጫፍ ላይ ሳቅ አይታለች። ጥርስ ሕመምም ሊሆን ይችላል።

እንዲህም ሆኖ ክሌም ከሰልፉ ገባ። በቀኙ ሚስተር አክሪል፣ በግራው ሂልዳ፤ በእጁ ባንዲራ፣ በአፉ ጡብ። ሌሎቹ ሲጮሁ እሱ እንደታመመች ላም "ምምም" ይላል። ወፎቹ በዚህኛው ተራ የሚገባቸውን አደረጉ፤ ከዛፎቹ በላይ ተነስተው እንደ ርችት በጌቶቹ ራስ ላይ ተበተኑ። ስምንቱም ጠመንጃ ተንጣጣ። ሰር አምብሮዝ የዓመቱ ምርጥ ዙር ነው አሉ። የለንደኑ ሰው ሁለት ቅርንጫፍ ጣለ።

አንዲት ወፍ ግን አልበረረችም። ጭራዋን ወደ ግራ አጥፋ፣ ወደ ሰልፉ ቀጥ ብላ በእግሯ ተመለሰች። ክሌምና ሂልዳ መሀል።

"ክሌም! ያንተ ናት! መልሳት!" ስትል ሂልዳ ጮኸች።

ባንዲራውን ያን ሁሉ ወር የፈለገው ለዚህ ነበር። አንዴ ቢያራግበው ትነሳለች፤ ተነስታ ወደ ጌቶቹ ትሄዳለች። ባንዲራው ወደ ታች ተንጠለጠለ። ሚስስ ፊፕስ ጫማው ጋ ስትደርስ ቆም ብላ ቀና አለች፤ ስንዴ እንደሌለ አይታ በሁለት እግሮቹ መካከል አልፋ ጫካው ውስጥ ገባች።

"ምን ሆነህ ነው?" አሉ ሚስተር አክሪል።

ክሌም አፉን በጣቱ አሳየ። "ምምም።"

ሚስተር አክሪል ወፏ ወደገባችበት ጫካ አዩ፤ ወደሱ አዩ። ከዚያ በአውራ ጣታቸው የራሳቸውን ጥርስ ነካ ነካ አድርገው "ክፉ ከረሜላ ነው" አሉና መንገዳቸውን ቀጠሉ። በተከታዩ ዓመት ባንዲራውን ሳይጠይቅ ሰጡት።

መጠጥ ቤቱ ውስጥ ታሪኩ እዚህ ሲደርስ ሂልዳ ብርጭቆዋን ታስቀምጣለች። "ሰማችሁ?" ትላለች ለአዲሱ ሰው፣ "ያን ከረሜላ ዙሩ ሳይጋመስ ቆርጥሞ ጨርሶት፣ 'ሌላ የለሽም ወይ?' እያለ ሲነዘንዘኝ ነበር። አፉ ባዶ ነበር! እጁስ ቢሆን? እጁንም ከረሜላ ይዞት ነበር?"

ሁሉም ወደ ክሌም ይዞራል። ክሌም ኮፍያውን ወደ ኋላ ይገፋል። እጁን ኪሱ ይከትና፣ ሰባ ዓመት ካለፈው ሰው ኪስ የማይጠበቅ ትልቅ ጥቁር ከረሜላ አውጥቶ አፉ ውስጥ ይጨምራል፤ ከዚያ በጣቱ እያሳያቸው "ምምም" ይላል።